የእናቶች ቃሬዛ፦ የወይዘሮ ስመኝ ላጲሶ የሕይወት ታሪክ (1927–1991 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ስመኝ ላጲሶ ከአባታቸው ከአቶ ላጲሶ ኤርጫፎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባሎቴ ሎምባሞ፣ በቀድሞው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ፣ ከዱራሜ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩን በተመለከተ እናታቸው “እንሰት በሚፋቅበት ጊዜ ነው” ሲሉ፣ አባታቸው ደግሞ “ከዚያ በኋላ ነው” ባይ ስለነበሩ፣ ነገሩ ሳይቋጭ ሁለቱም ዐርፈዋል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ክርክሩ እንደ አዲስ ስለተነሣ ወሩን ትተነዋል።

በመንደሩ አቅራቢያ የነበረው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንድሞቻቸውን ሲያስተምር እሳቸው ውኃ ይቀዱ፣ ታናናሾቻቸውን ያዝሉ ነበር። ፊደል የቆጠሩት ዕድሜያቸው አርባን ካለፈ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ገርጂ በሚገኘው የቀበሌ አዳራሽ ነው። የተሰጣቸውን የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብተው ከልጆቻቸው ፎቶግራፍ በላይ ሰቀሉት፤ ልጆቹም በዚህ ትንሽ ሳይቀየሙ አልቀሩም።

በ1943 ዓ.ም. ከአቶ መኩሪያ ዋጌሶ ጋር በወግ ተጋቡ። የማዋለድን ሥራ የተማሩት ከአማታቸው ነው። አማታቸው ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ሲጠሩ አስከትለዋቸው ይሄዱ ነበር፤ መጀመሪያ ውኃ እንዲያሞቁ፣ ቆይቶ ወገብ እንዲደግፉ፣ በኋላም አማታቸው ዐይናቸው ሲደክም ሕፃኑን እንዲቀበሉ። ወይዘሮ ስመኝ እኒህን ሴት ሁልጊዜ በክብር ያነሧቸው ነበር፤ ሆኖም “ካስተማሩኝ ግማሹን ኋላ መርሳት ነበረብኝ” ማለታቸው አልቀረም።

በ1953 ዓ.ም. አቶ መኩሪያ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ የጉልበት ሥራ በማግኘታቸው ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ግንባታው ሲያልቅ አቶ መኩሪያ በጥበቃ ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ቤታቸውንም ገርጂ፣ ያኔ ጤፍና ገብስ ይዘራበት ከነበረ ማሳ ዳር ሠሩ። በትዳራቸውም ኤርጫፎን፣ ስንዱንና ጌዴዎንን አፈሩ። አቶ መኩሪያ በ1978 ዓ.ም. በሞት ሲለዩ ወይዘሮ ስመኝ ቤቱን ብቻቸውን ይዘው ቀጠሉ። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በእናቶች ኅብረት አገልግለዋል።

ገርጂ በደረሱ በዓመቱ የጎረቤት ሴት ምጥ ያዛት፤ እሳቸውም ተጠሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲያም ሲል ወንዙን ተሻግሮ እስከ ቡልቡላ ድረስ የማይጠራቸው አልነበረም። አካባቢው በጋሪ ወይም በእግር ካልሆነ የማይደረስበት ስለነበር ሌላ ምርጫ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ያዋለዷቸው ልጆች ብዛት ሲነገር ሰምተናል፤ ቁጥሩም ከትናንት ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አድጓል። ቤተሰቡ ትክክለኛውን አያውቅም። እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣም ይበሳጩ ነበር። “እናንተ የምትቆጥሩት የዳኑትን ብቻ ነው” ይሉ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ለልምድ አዋላጆች የተዘጋጀ ሥልጠና በአካባቢው ሲሰጥ እንዲካፈሉ ተጋበዙ። አሠልጣኛቸው ሲስተር ወለተማርያም እንደሚያስታውሱት፣ ወይዘሮ ስመኝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ጥግ ይዘው፣ “እስቲ ይህች ልጅ ምን ልትለኝ ነው” በሚል ዐይን ያዩዋቸው ነበር። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ እንደሚጎዳ፣ እንገር መፍሰስ እንደሌለበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሆድ መጫን አደገኛ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። እነዚህን ሁሉ ለዓመታት ሲያደርጉ ኖረዋልና መስማቱ ቀላል አልነበረም።

የአደጋ ምልክቶች ትምህርት ላይ ሲደረስ ግን እጃቸውን አወጡ።

“ከወለደች በኋላ የሚፈሰው ደም፣ ቀድሞ ምልክት ያሳያል?” ሲሉ ጠየቁ።

ሲስተር ወለተማርያምም ብዙ ጊዜ እንደማያሳይ ነገሯቸው።

“እንግዲያው ማንን ልልክ ማንን ላስቀር ነው? ሁሉንም ነዋ የምልከው።”

ሥልጠናው ይህን ያህል አይልም ነበር። ዓላማው አዋላጆቹ ደኅናውን ምጥ በንጽሕና እንዲያዋልዱ፣ የሚያሰጋውን ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ነበር። ሲስተር ወለተማርያም ይህንኑ ቢያስረዷቸውም ወይዘሮ ስመኝ የሰሙት የፈለጉትን ነው። በሥልጠናው መጨረሻ ሳሙና፣ ክር፣ ምላጭና የፕላስቲክ ምንጣፍ የያዘ ቦርሳ ተሰጣቸው። በውስጡ ያለው ሲያልቅ የሚተካ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ቤተሰቡ ብዙ ቦታ ጠይቆ ብዙ ዓይነት መልስ አግኝቷል።

ከዚህ በኋላ ያለው የወይዘሮ ስመኝ ሕይወት በአብዛኛው የሰፈሩን ሰው አንድ ነገር ለማስረዳት ያለፈ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው እምቢ ሲል ቀድሞ የሚታሰበው ልመና እንደፈለገ ነው። ማዕድ ቀርቦለት በቃኝ የሚል እንግዳን ያጎርሱታል፤ አልቀመጥም የሚል ተጎትቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ወይዘሮ ስመኝ በራቸው ላይ ለመጣ ሰው “ጤና ጣቢያ ውሰዷት” ሲሉ፣ ሰውየው ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። የሚሄደው ሽማግሌ ለመፈለግ ነው። ሽማግሌዎቹም ካፖርታቸውን ደርበው፣ ሻሽና ባርኔጣቸውን አስተካክለው ይመጣሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን እዚያው ትጠብቃለች።

በ1986 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ የሆነው ይኸው ነው። የሟቿን ቤተሰብ ሐዘን ላለመቀስቀስ ስሟን አንጠቅስም። ሽማግሌዎቹ መጥተው በወጉ መሠረት “ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም” ብለው ቆሙ። ወይዘሮ ስመኝ ለመኗቸው፣ ተቆጧቸው፣ በርጩማ አቀረቡላቸው። እነሱ ግን ቆመው ቀሩ። የሸበቱ ሰዎችን በቤታቸው አቁሞ ማየት ለእሳቸው ከባድ ነበርና በመጨረሻ ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ሕፃኑ በደኅና ተወለደ። እናቲቱ ግን ደሟ አልቆመም፤ መኪና ተፈልጎ እስኪገኝም መንገድ ዳር ዐረፈች።

ለእውነት ያህል፣ ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የለመኑት ለሰው ነፍስ ብለው ነው። ከቀብር በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ወይዘሮ ስመኝ ማንንም አልወቀሱም። “እናንተ ቆማችሁ ነበር፤ እኔም ቆሜ መቅረት ነበረብኝ” ብቻ አሏቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰው ቤት አላዋለዱም። እናቱን ያጣውን ልጅም እስከ መጨረሻው ድረስ በየበዓሉ እየሄዱ ይጠይቁት ነበር።

አንድ ሰው ይህን ከሰማ በኋላ ሰፈሩ ትምህርት አገኘ ብሎ ያስብ ይሆናል። ሰፈሩ ያገኘው ትምህርት ግን ወይዘሮ ስመኝን ለመለመን ብዙ ሽማግሌ እንደሚያስፈልግ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፣ ከወሎ መጥተው በገርጂ ሱቅ የከፈቱት የሐጂ አብዱልገኒ ምራት ሱሀይላ ምጥ ያዛት። ባለቤቷ ሐሩን የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ይሁን እንጂ በዚያ ጭቃ መኪናው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አይገባም ነበር። ቤተሰቡ ወይዘሮ ስመኝን አስጠራ። ወይዘሮ ስመኝም ሄደው ሱሀይላን አዩና ከሌሊት ጀምሮ እያማጠች ልጁ አለመውረዱን ሲረዱ አሁኑኑ እንድትወሰድ ተናግረው፣ ነጠላ ለመቀየር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነጠላውን ቀይረው ሲወጡ በረንዳቸው ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፦ ሐጂ አብዱልገኒ፣ የእድሩ ዳኛ አቶ እሸቴና ጎረቤታቸው አቶ ሐዱሽ። አቶ እሸቴ በ1986ቱም ጊዜ ቆመው ነበር።

“እትዬ ስመኝ፣ እግርዎ ላይ ወድቀናል። እሺ ካላሉን አንቀመጥም” አሉ አቶ እሸቴ።

“ማን ተቀመጡ አላችሁ? ቁሙ። ለመሸከም የሚመቸውም የቆመ ሰው ነው።”

ሐጂ አብዱልገኒ ያልገባቸው መስለው፣ “እኛማ የመጣነው እጅዎን ፈልገን ነው” አሉ።

“እኔም የእናንተን እጅ ፈልጌያለሁ፤ ስምንት ብትሆኑ ደግሞ ይሻላል። ሐጂ፣ ልጆቹን ከሱቅ ይጥሩልኝ። አቶ እሸቴ፣ የእድሩን ቃሬዛ ያውጡ።”

አቶ እሸቴ ደነገጡ። “የሬሳ ቃሬዛ ላይ ነፍሰ ጡር? ኧረ ሟርት ነው እትዬ! ሰው ምን ይለናል?”

“ዛሬ በሕይወት እያለች ትውጣበት፣ ወይስ ነገ ሬሳዋን ታወጡበታላችሁ? አንዱን ይምረጡና ቁልፉን ያምጡ።”

አቶ እሸቴ ቁልፉን አመጡ። ይህን ቃል በቃል የነገሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ እንዲጻፍም የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹና ከሱቁ የመጡት ልጆች ሱሀይላን ተሸክመው ጭቃውን አቋርጠው አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ሐሩን ሞተር አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። አቶ ሐዱሽ አንድ እግር ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ አልተገኘም፤ ጉዳዩን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ጤና ጣቢያው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላካት፤ እዚያም በቀዶ ሕክምና ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁ ኢክሪማ ይባላል። እናትና ልጅ ዛሬ ከእኛ ጋር ናቸው።

ወይዘሮ ስመኝ በመንገዱ ሁሉ የሱሀይላን እጅ ይዘው ነበር። ሰፈሩም ከዚህ ሁሉ ነገር የያዘው ይህንኑ ብቻ ነው። “የእትዬ ስመኝ እጅ ነው ያዳናት” ተባለ። ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ስሙ ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ወይዘሮ ስመኝ እየዞሩ ለማስረዳት ሞከሩ። ባስረዱ ቁጥር “ትሕትናቸው!” እየተባለ ነገሩ ባሰበት። በመጨረሻ መረራቸውና ቡና ላይ ለተሰበሰቡ ሴቶች፣ “እሺ፣ እጄ ነው። ግን እጄ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ከገባ በኋላ ነው፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ አይሠራም” አሏቸው።

በሥልጠናም፣ በምክርም፣ በሐዘንም ያልተቻለው በዚህ ተቻለ። ሴቶች “እጅዎ እንዲሠራልኝ” እያሉ ቀናቸው ሳይደርስ ይመጡ ጀመር፤ እሳቸውም አስከትለው ይወስዷቸው ነበር። ቤተሰቡ እንዲህ ያለው አነጋገር ተገቢ ስለመሆኑ ሁለት ሐሳብ ነበረው። ወይዘሮ ስመኝም በዚህ ደስ ብሏቸው አያውቁም። “እውነቱን ስነግራቸው አልሰሙኝም፤ ቢያንስ መንገዱ እውነት ነው” ይሉ ነበር። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች መጀመሪያ ከበር ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። በኋላ ሲስተር ወለተማርያም አናግረውላቸው፣ እናቶቹን ከምጥ ክፍል በር ድረስ እንዲያደርሱ ተፈቀደላቸው።

በዚያው ሰሞን እድሩ ሁለተኛ ቃሬዛ እንዲያሠራ ጠየቁ። ጉዳዩ በተከታታይ ስብሰባዎች ተነሥቶ ተንከባለለ። እድር የተቋቋመው የሞተ ለመቅበር ነው ያሉ ነበሩ። የመጀመሪያው ቃሬዛ ገና አዲስ ነው ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ ስመኝ በአንደኛው ስብሰባ ተነሥተው፣ “እኔ እኮ የምለምናችሁ ለመጀመሪያው ቃሬዛ ሥራ እንድትቀንሱለት ነው” ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ ውሳኔው ግን ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። በመጨረሻ ሐጂ አብዱልገኒ ሸራውን ሰጡ፣ አቶ ሐዱሽ ብረቱን አስበየዱ፣ እድሩም አመስግኖ ተረከበ። ሰፈሩ “የእናቶች ቃሬዛ” ብሎ የሚጠራው ይህ ሲሆን፣ ከወይዘሮ ስመኝ ግቢ በር ኋላ ተደግፎ ይቀመጣል።

ሰውን ሁሉ ወደ ሐኪም ሲነዱ የኖሩት ወይዘሮ ስመኝ ስለ ራሳቸው ግን ምክር የሚሰሙ አልነበሩም። የደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ቆይቷል። ልጃቸው ስንዱ መድኃኒታቸውን ስትሰጣቸው “ነገ” ይሏት ነበር፤ ወደ ሐኪም እንሂድ ስትላቸው ደግሞ “እኔ አላረገዝኩም” ብለው ይመልሱላት ነበር። ይህን መጻፉ አግባብ አይደለም ያሉ የቤተሰብ አባላት አሉ። ሆኖም በመካከላችን መድኃኒቱን ነገ እውጣለሁ የሚል ሰው ካለ ይስማው።

ባለፈው ጥቅምት ወር ግራ እጃቸው ሲዝልና አንደበታቸው ሲተሳሰር ስንዱ ሌላ መላ ብታጣ አቶ እሸቴን ጠራች። አቶ እሸቴም አቶ ሐዱሽንና ሐጂ አብዱልገኒን ይዘው መጥተው በአልጋቸው ፊት ቆሙ። ወይዘሮ ስመኝ አዩአቸውና በተሳሰረ አንደበታቸው “አሁንስ ለመዳችሁ” ብለው ሳቁ፤ ለመሄድም ተስማሙ። በእናቶች ቃሬዛ ሊያወጧቸው ሲሉ ግን እምቢ አሉ። “ያ ባለቤት አለው” አሉ። በስንዱና በጌዴዎን ትከሻ ተደግፈው እስከ አስፋልቱ ሄዱ።

በሆስፒታል አስፈላጊው ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይቶ፣ ኅዳር 17 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል።

ወይዘሮ ስመኝ ከማረፋቸው በፊት ለልጆቻቸው የተናዘዙት አንድ ነገር ነው። አስከሬናቸው በእናቶች ቃሬዛ እንዳይወጣ፣ በቀብራቸው ቀንም ቃሬዛው ከነተሸካሚዎቹ ከበር ኋላ እንዳይነቃነቅ አዘዋል። “ሰው ሁሉ እኔን ሊቀብር ሲሄድ ምጥ የያዛትን ማን ያወጣታል? ምጥ ልቅሶ አያውቅም” ብለዋል።

ስለዚህ አቶ እሸቴን፣ አቶ ሐዱሽንና ሐሩንን በዚህ ቀብር ላይ ያላያችሁ ሁሉ ቅር እንዳይላችሁ። ሦስቱም አሁን ገርጂ፣ በሟች ግቢ በር ላይ ተቀምጠዋል። የሐሩን ሚኒባስም አፏን ወደ ከተማ አዙራ አስፋልቱ ላይ ቆማለች። የጌዴዎን ባለቤት ሄኒ ቀኗ ደርሷልና። ቀብር የቀረ አባል እንደሚቀጣ የእድሩ ደንብ ያዝዛል፤ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ስለቀሩም ኮሚቴው ሊሰበሰብ እንዳሰበ ሰምተናል። ቤተሰቡ ኮሚቴው ሌላ ሥራ እንዲፈልግ በአክብሮት ይጠይቃል።

ሌላም ነገር አለ። ትናንት ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ከልቅሶው ድንኳን ወጥተው ስንዱ ፊት ቆመው ነበር። ሄኒ በአማቷ አልጋ ላይ፣ በስንዱ እጅ ብትገላገል ለሟች ትልቅ መታሰቢያ ይሆናል ብለው ለመኗት፤ እሺ ካላለችም እንደማይቀመጡ ነገሯት። ስንዱ ልብስ ሰፊ ናት፤ አዋልዳ አታውቅም። ዐይኗን ጠርጋ፣ “አባቶቼ፣ ከቆማችሁ አይቀር አቶ እሸቴ አንድ ተሸካሚ ጎድሎባቸዋል” አለቻቸው። ከሁለቱ አንደኛው ዛሬ እዚህ የሉም፤ ከእነ አቶ እሸቴ ጋር በሩ ላይ ናቸው። ቤተሰቡ ስለዚህ ያመሰግናቸዋል።

ወይዘሮ ስመኝ ላጲሶ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል። ስድስተኛው ወይም ስድስተኛዋ በመንገድ ላይ ናቸው። ከዱራሜ ድረስ ለመጣችሁ ዘመዶች፣ ለአጥቢያችን ምእመናን፣ ለሐጂ አብዱልገኒና ለመላው የገርጂ ነዋሪ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ሊያጽናኑን ለሚመጡ ሁሉ ቤታችን ክፍት ነው፤ ስትገቡ ግን እባካችሁ ተቀመጡ።

ስንቱን ሕፃን ወደዚህ ዓለም ሲገባ በእጃቸው የተቀበሉትን እናታችንን፣ ጌታ እሳቸውን በእጁ ይቀበላቸው። በዚያም በራቸው ላይ ቆሞ የሚለምናቸው ሰው አይኑር። አሜን።